ከሰማንያ በታች ለሆነችው እሜቴ

ለተከበሩ የሕፃናት ሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፦

ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ፈራሚ እጅዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እሜቴ ከምንላት የሰባት ወር የእህቴ ልጅ ጋር እጅግ ደህና ነን፤ የሚያመን የእርስዎን በር ስናልፍ ብቻ ነው።

እንደሚያውቁት እሜቴ አጥንቷ በወጉ እንዳይረዝም የሚያደርግ፣ አብሯት የተወለደ የዘር ሕመም አለባት። የታዘዘላት መርፌ የሚሠራው አጥንት በማደግ ላይ ሳለ ብቻ መሆኑን የራስዎ ሐኪም ነግረውናል። እንዲጀመርላት ግን ቁመቷ ተለክቶ እርስዎ መፈረም አለብዎት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመለኪያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ የተቸነከረው ሜትር ከሰማንያ ሴንቲ ሜትር ስለሚጀምር አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በታች ያለ ሰው ገና አልተወለደም ማለት ነው። ለኪው እሜቴን አየት አድርጎ «ትቁምና እንለካታለን» አለ። እህቴ «ኧረ የሰባት ወር ልጅ ናት፣ ወንድሜ!» ብትለው፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ እናቴ? ስትቆም ይምጡ» ብሎ በትሕትና ሸኘን።

ሁለተኛ፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ሐኪም ጀርባዋ እስኪጠና ድረስ ያለ ድጋፍ እንዳናስቀምጣት፣ ስትተኛም ትንፋሿን እንድናዳምጥ፣ የራሷን ዙሪያ ለማስለካት እንድንመላለስ አዘዋል። ታችኛው ፎቅ ደግሞ «ቁሚ» ይላታል። በአንድ ጣራ ሥር እንዲህ ያለ የሐሳብ ነፃነት መስፈኑ ያስቀናል፤ ደረጃው ላይ ለቀረነው ለእኛ ግን ማንን እንደምንሰማ ቢነግሩን ደግ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሕፃናት ተኝተው የሚለኩበት ጣውላ ተገዝቶ ነበር አሉ። የት ገባ ብንል ለኪው ወደ ንብረት ክፍል፣ ንብረት ክፍል ወደ ጥገና፣ ጥገና ወደ ፈጣሪ መሩን። እዚያም ወረፋ አለ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከሰማንያ በታች እንዳልወርድ እየተጠነቀቅሁ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የእሜቴ አክስት

እጅ ከነሳሁ በኋላ የታከለ፦ ይህን የምጨምረው ከቢሮዎ ሆኜ ነው። ደብዳቤውን ለማድረስ ሦስታችንም መጥተን እርስዎ ግን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን። መስኮቱ ሥር አበባዎችዎ የተደረደሩበት ጣውላ ግን ራስጌ አለው፣ ግርጌ አለው፣ ቁጥርም አለው። ጸሐፊዎ «ውይ፣ በሞትኩት!» ብለው ማሰሮዎቹን አወረዱ፤ ሐኪሙንም ከላይ ጠሩ። እሜቴ እየሳቀች ተለካች። ሐኪሙ የፈረሙበት ልኬት ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ እኛም በር ላይ ነን። አበባዎችዎንም ልንለካልዎት አስበን ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ከሰማንያ በታች ናቸው።