ላሊሴ የምትቀመጥበት ትራስ

ሰበታ፣ ሐምሌ

ለልጄ የባቡር ጣቢያ እናት፤

አካም ጂርቱ? ይህ የእኛ ቤት ሰላምታ ነው፤ ላሊሴ ትተረጉምልዎታለች። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? የጣቢያውን ደረጃ ሲወጡ ያማቸዋል ብላኝ አዝኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰበታ በዝናብ ጭቃ ሆናለች፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለ ቦቲ አይደረስም። ባለቤቴ ነገሳ ደህና ነው፣ ላሞቹም ደህና ናቸው፣ እኔም ከቅናቴ በቀር ምንም አላመመኝም።

አዎ፣ ቅናት። ላሊሴ፣ «ናፍቆት» ብለሽ እንዳታልፊው፤ እንደጻፍኩት አንብቢላቸው።

በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ልበልዎት። ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። ልጄ ለትምህርት ወደ አገራችሁ ወደ ጃፓን ስትሄድ፣ ማን ይቀሰቅሳታል፣ ማን ብርድ ልብስ ይደርብላታል እያልኩ ነበር የማስበው። እርስዎ ቤት ገባች ሲሉኝ በእውነት ደስ አለኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ደስታዬ የቆየው አንድ ቀን በስልክ እያወራን «እማዬ፣ ኦካሳን እየጠሩኝ ነው» እስክትለኝ ድረስ ነው። ኦካሳን ማን ናቸው? አልኳት። እርስዎ ነዎት። ምን ማለት ነው ደግሞ? አልኳት። ቀስ ብላ «እማዬ ማለት ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ነገሳ ላይ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ የማልቀናበት ነገር ጠፋ። በባቡራችሁ እንኳ እቀናለሁ። ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ እናንተ ምሳ በልታችሁ እኛ ገና ላም አልበን ስንነሳ፣ ከጣቢያው አግዳሚ ላይ ሆና ትደውልልኛለች። ወሬው ገና ሲጥም «እማዬ፣ ባቡሩ መጣ» ትላለች። ትንሽ ይጠብቅሽ እንጂ! አልኳት አንድ ቀን። አይጠብቅም አለች። ባቡሩ ውስጥ ደግሞ ስልክ ማውራት ነውር ነው አለችኝ። ስንት ሰው ነው የሚሳፈረው? ስላት «እኔና ጡረተኛው አስተማሪ» አትለኝም! ሁለት ሰው ይዞ ይነሳል እንዴ? እኛ ጋ ታክሲ እስኪሞላ ድረስ ከእናትሽ ጋር ጠግበሽ ታወሪያለሽ፣ ትጣያለሽ፣ ታርቀሽም ትወርጃለሽ።

እሷም እንዳይከፋኝ ብላ መንገዱን በቪዲዮ ትልክልኛለች። ከሾፌሩ ጀርባ ቆማ ነው የምትቀርጸው። ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ለይቻቸዋለሁ፤ የእናንተን ስም ምላሴ ስላልቻለው የራሴን አውጥቼላቸዋለሁ። ድመቷ የምትተኛበት አለ፣ ረጅሙ ድልድይ አለ፣ ማንም የማይለቅመው ቀይ ፍሬ ያለበት አለ፣ ከዚያ ዋሻው፣ ከዋሻው ስንወጣ የእናንተ። ላም እያለብኩ እቆጥራቸዋለሁ። ነገሳን የገረመው ሾፌሩ ነው፤ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር፣ በጣቱ ወደፊት እየጠቆመ ብቻውን ይናገራል። መብራቱን ማየቱን ለራሱ ሲያረጋግጥ ነው ብትለን ነገሳ «የእኛ ታክሲ ነጂ እንዲህ ቢያደርግ ዛሬውኑ ጠበል ነበር የምንወስደው» አላት።

እኛም እኮ ጣቢያ አለን፣ ያውም ትልቅ። ነገር ግን በሰበታ የሚያልፈው ዕቃ ነው፤ ሰው በባቡር መሄድ ሲያምረው ፉሪ ድረስ ይሄዳል። ሦስት ደንበኛ ላላት ለእናንተ ጣቢያ ባቡር እጅ ነስቶ ይቆማል፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ግን... ይህን ሳማርር ክር የምትሸጥልኝ ሬሐና ከሱቋ ሆና ሳቀችብኝ። «በምን አቅምሽ ነው አንቺ በጃፓን የምትቀኚው? እስቲ መጀመሪያ በጎረቤታችን በዓለም ገና ቅኚ!»

አሁን ወደ ትራሱ ልምጣ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

በዚያች ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ የለም፣ ጥበቃ የለም፣ ያለው እርስዎ ነዎት አለችኝ። ሳይቀጠሩ ይጠርጋሉ፣ ለሚሄደው ሁሉ እጅዎን ያውለበልባሉ፣ አግዳሚው እንዳይቀዘቅዝ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትራስ ይሰፋሉ፣ ስሙንም በክር ይጽፉበታል። ለአስተማሪው አንድ፣ ሆስፒታል ለሚመላለሱት ባልቴት አንድ፣ ለልጄ አንድ። የልጄን ስም ደግሞ በእኛው ፊደል! ላሊሴ አስተምራዎት ነው አሉ። «ላሊሴ» የሚለውን ፎቶው ላይ ሳነብ፣ የሰው እጅ እንዲህ አሳምሮ የጻፈውን የልጄን ስም ሳይ፣ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ ጠፋኝ። ከፋኝ።

እና ኪሮሼን አነሳሁ። ዳንቴል እንደምሠራ ነግራዎት ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፤ ነገሳ ፈዝዤ ብቀመጥ እኔንም ታለብሺኛለሽ ይላል። ለልጄ መቀመጫ የሚሆን ዳንቴል ሠርቼ በሰው ላክሁ፤ በእርስዎ ትራስ ላይ ይልበስ፣ ልጄ በእኔ ላይ ትቀመጥ ብዬ። እርስዎ ምን አደረጉ? በመስታወት አስገብተው የጣቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት! ፎቶውን ሳይ ደሜ ፈላ። ሬሐና ሱቅ ሄጄ «አየሽልኝ? ልጄ እላዩ ላይ እንዳትቀመጥ ብለው ሰቀሉት!» ብዬ ጮህኩ። ሬሐና ክሯን እየጠቀለለች «እሳቸው ላንቺ የላኩትን ትራስ እናንተ ቤት ማን ይቀመጥበታል?» አለችኝ።

ማንም። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ መሃል፣ ከነላስቲኩ ነበር። ነገሳ አንድ ቀን ወገቡን አሞት ሊወስደው ሲል እጁን ነው የመታሁት።

እንዴት እንደሳቅን አይጠይቁኝ። በዚያው ቀን የእርስዎን ትራስ ከቡፌ አወጣሁት፤ ይህን የምጽፈውም እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው። ምቾቱ ግሩም ነው፣ ቢያናድደኝም። ለላሊሴም ደወልኩና የእኔ ዳንቴል ከግድግዳ ይውረድ፣ ተቀምጠሽበት ፎቶ ላኪልኝ አልኳት።

ፎቶው ባለፈው ሳምንት መጣ። ልጄ በዳንቴሌ ላይ ተቀምጣ ጥርሷ እስኪታይ ስቃለች። አሸነፍኩ! አልኩ። ለነገሳ አሳየሁት፣ ለሬሐና ላሳይ ጃንጥላ ያዝኩ። በር ላይ ስደርስ ፎቶው ላይ ከጎኗ እርስዎን አየሁ። መርፌ ይዘዋል። ጭንዎ ላይ አዲስ ትራስ አለ፤ ወፍራም፣ ጥጡ ከጥጉ የወጣ። «ላሊ» ተጽፎበታል፤ «ሴ» ይቀራል።

ጃንጥላውን መልሼ አስቀመጥኩት።

እትዬ፣ እናንተ ጋ አሁን ሙቀት ነው፤ ልጄ በላብ አለቅሁ እያለች ትነግረኛለች። ያን ያህል ጥጥ የሚጠቀጠቀው ለበረዶው ጊዜ ነው። ላሊሴ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብላናለች። ነገሳ ክፍሏን ቀለም ቀብቷል፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ይህ እንዴት ነው ብዬ እርስዎን አልጠይቅም፤ እሷንም አልጠይቅም። ያን ቀን ዝም ብዬ ስውል ነገሳ ደንግጦ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብሎኛል፤ እኔ ዝም ስል አይቶ አያውቅማ።

ከዚህ ሁሉ ቅናት ትልቁ ይኼኛው ነበር፦ መቅረቷን መርፌዎ ከእኔ ጆሮ በፊት መስማቱ።

አሁን እንዲህ ያድርጉልኝ። ትራሱን ይጨርሱት። ላሊሴ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀኝ እግሯን አጥፋ ከሥሯ አድርጋ ነው የምትቀመጠው፤ ይህን እርስዎ አላስተዋሉም፣ እኔ ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ጥጡን ያብዙላት፣ ቶሎ ይሟሽሽባታል። «ሴ»ን ሲጽፉ እግሯ ላይ ያለችውን ቀለበት እንዳይረሷት። ሌላ ዳንቴል ጀምሬላታለሁ፤ በወፍራም ክር ነው፣ ለብርድ የሚሆን። ለእርስዎም አንድ እጨምራለሁ። ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉት!

ላሊሴ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን አስተካክለሽ አንብቢላቸው። የክፍልሽ ቀለም ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ በክረምት ቀለም መች ቶሎ ይደርቃል። አባትሽንም ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።

እትዬ፣ ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎት። ባቡራችሁ አይቅርባችሁ፤ አግዳሚያችሁ ሰው አይጣ። ለልጄ እጅዎን ባውለበለቡ ቁጥር አንዱን ስለ እኔ ይቁጠሩልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ይህ ምርቃት ግን ቅናት የለበትም።

አንቺ ልጅ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ባቡሩ ከመጣ ግን ዘግተሽ ሂጂ፣ እንዳያመልጥሽ። እኔ የታክሲ አገር ሰው ነኝ፤ እስኪሞላ መጠበቅ እችልበታለሁ።

እኔ ነኝ፣
በአማርኛ እማዬ የምትባለው