ትእዛዝ የሌለው ዝውውር

ውድ ባለቤቴ፣ የልጆቼ አባት ታምራት፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አንድ ቦታ ረግቼ የምቀመጥበት ልብ አጥቼ ነው። ስለ ቤታችን ልንገርህ ብዬ ስነሳ እንኳ የትኛውን ቤት እንደምልህ ግራ ይገባኛል። አንተን ከቀበርን ወዲህ እዚሁ ሆሳዕና ውስጥ ሦስት ቤት ቀያይሬያለሁ።

የመጀመሪያው ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። የረዳቶቹ ጩኸት በዛብኝ ብዬ ለቀቅኩት። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነበር፤ እሱን ደግሞ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው ብዬ ለቀቅኩት። አሁን ያለንበት ውሃም አለው፣ ጸጥታም አለው፣ አከራይዋም ደግ ሰው ናቸው። ገና አምስት ወር ሳይሞላን ግን የውስጥ እግሬን ይበላኝ ጀመር። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቼ ስመለስ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅተኛል። ዕቃ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ልጆችህ ደህና ናቸው። ቤቲ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ከእኔ በልጧል። መጀመሪያ ሰሞን ሀዲይኛ ስትናገር የክፍሏ ልጆች እየሳቁባት አፏን ዘግታ ነበር የምትውለው። አሁን ከእናትህ ጋር ስታወራ እኔ ነኝ ወደኋላ የምቀረው። እኔ በከምባትኛ፣ አንተ በሀዲይኛ አድገን ቤታችንን በአማርኛ ስላቆምነው ልጆቹ የሁለታችንንም ቋንቋ ሳይዙ መቅረታቸው ይቆጭህ ነበር። ናቲም ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አረማመዱ ያንተ ነው፤ ከኋላው ሳየው አንዳንዴ ዓይኔን እመልሳለሁ።

በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳራችን በሥራህ ትእዛዝ ሰባት ጊዜ ተዛወርን። አርባ ምንጭ ስንለምድ ነገሌ፣ ነገሌ ስንለምድ ድሬዳዋ። አዲስ ከተማ በገባን ቁጥር፣ ዕቃው ገና ከመኪና ሳይወርድ አንተ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዘህ ትወጣለህ። ሱቁን፣ ቧንቧውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አሳይተሃቸው ስታበቃ፣ «በሉ እንግዲህ፣ አሁን ወደ ቤት የምትወስዱኝ እናንተ ናችሁ» ትላቸዋለህ። ቢሳሳቱም አታርማቸውም፤ ዝም ብለህ ትከተላለህ። ድሬዳዋ ላይ ናቲ የሰው ግቢ ይዞህ ገብቶ፣ የግቢው እመቤት ምሳ አብልተው ነው የሸኟችሁ። እኔ ድስትና ብርጭቆ ከካርቶን እያወጣሁ፣ ሥራውን ሁሉ ለኔ ጥሎ ይዞራል እያልኩ እበግን ነበር። ልጆቹን የፈሩትን ከተማ በአንድ ከሰዓት እያለማመድክልኝ እንደነበር የገባኝ ካጣሁህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አለ፣ ታምራት፤ ስጽፍልህ እጄ የሚከብደኝ እሱ ጋ ስደርስ ነው። ጎዴ እያለን የመጨረሻው የዝውውር ትእዛዝ ሲመጣ ያልኩህን ታስታውሰዋለህ። «ልጆቼን በየሄድንበት እንግዳ አደረግካቸው። የኔ የሚሉት አገር የላቸውም፤ ያሳጣሃቸው አንተ ነህ» አልኩህ። የማዳበሪያውን አፍ በሲባጎ እየሰፋህ ነበር፤ ቀና ሳትል ሰፍተህ ጨረስክ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣለህ። ወባ ነው አሉን፤ ቀጥሎ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል አሉን። ሳምንት አልሞላም። ስምንተኛውን ጉዞ ወደ አዲሱ ምድብህ ሳይሆን ወደ እናትህ ደጅ ሄድን፤ አንተ ከኋላ ተኝተህ፣ እኛ ከፊት ተቀምጠን። ይቅርታ ሳልጠይቅህ ቀረሁ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሺንሺቾ እህቴ ጋ ሄጄ ቤት አይቼ መጣሁ። ለመሄድ ቆርጬ ነበር። የልጆቹን መልቀቂያ ልጠይቅ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ርዕሰ መምህሩ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ «ልጅዎ ትናንት ቢሮዬ መጥታ ነበር። እናቴ መልቀቂያ ብትጠይቅ እንዳይሰጧት ብላ ለመነችኝ» አሉኝ። ፊቴ ጋለ። ወረቀቱን ሳልቀበል ቤቴ ገባሁ።

ቤቲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተቆጣኋት። በሰው ፊት አዋረድሽኝ አልኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነው የመለሰችልኝ፦

«አባዬ ሲያዛውረን ትእዛዝ ነበረው። አሁን አንቺን ማን አዘዘሽ?»

አልጮኸችም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። «አንደኛ ክፍልን ሁለት ቦታ ነው የተማርኩት። ጓደኛ ስይዝ መቼ እንደምለያት ነው የማስበው። እዚህ ሀና አለች። ካንቺ ጋር መሄድ አልፈልግም፣ እማዬ፤ አያቴ ጋ እቀራለሁ።» እኔ አንተን የወቀስኩበትን ነገር፣ አዛዥ በሌለበት፣ በልጆቼ ላይ እያደረግኩ ነበር።

ያኔ እሷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጎዴ ላይ ያልኩህን ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አባዬ እኮ ነግሮኛል» አለች። ያን በተናገርኩህ ዕለት ከሰዓት እሷና አንተ ገመድ ልትገዙ ወጥታችሁ ነበር። «እናትሽ እውነቷን ነው፤ አልተቀየምኳትም። ከዚህኛው በኋላ ወደ አገሬ መልሱኝ ብዬ አመለክታለሁ፤ እስኪሆን ግን እንዳትነግሪያት» ብለሃት ነበር። ከመሞትህ በፊት አንተው የነገርከኝ መስሏት ነው እስከዚያ ያላነሳችው። እጇን ይዤ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ለእህቴ ደወልኩና ቤቱ እንዲቀር ነገርኳት።

ስለ እግሬ አልዋሽህም፤ አሁንም አላረፈም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሳይኖረኝ መናኸሪያ እሄዳለሁ። «ዱራሜ! አዲሎ!» ሲባል ልቤ ብድግ ይላል። ይህ ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። ዕቃ ስጠቀልል አንተ ገመዱን ይዘህ የምትገባ ይመስለኝ ነበር፤ ቤት መቀየሬ ለካ አንተን ፍለጋ ነው።

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ ምህረት የምትባል ወጣት ሴት ይዛ ቤቴ መጣች። ባሏ ወታደር ነው፤ ቤተሰብ ወደማይገባበት ተመድቦ እሷን ከሁለት ልጆቿ ጋር ዘመዶቹ ጋ ልኳታል። ከጎባ ነው የመጣችው፤ ሰው አታውቅ፣ ቋንቋ አታውቅ። የአራት ዓመት ልጇ ከመጣች ጀምሮ ቀሚሷን አልለቅም ብላታለች። «እኔ ራሴ ሳልጠና ለሷ ምን እላታለሁ?» አለችኝ። ትልቅ ምክር አልነበረኝም። «ከጎረቤት የሆነ ነገር ተዋሺ፤ ወንፊትም ቢሆን። ያዋሰሽ ሰው ስምሽን ይጠይቅሻል» አልኳት። ለትልቁ ልጇ መምህር አባቱ የት እንዳለ አብረን ሄደን ነገርን፤ ልጁ ሲፈዝ ሰነፍ ነው እንዳይሉት። ትንሿን ደግሞ ከናቲ ጋር ይዘናት ወጣን። ሱቁን አሳየናት፣ ወፍጮ ቤቱን አሳየናት፣ ከዚያ «በይ አንቺ ውሰጂን» አልናት። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው የእናቷን ቀሚስ ለቅቃ ከፊት ከፊት ሮጠች። ናቲ፣ «ይሄ የአባዬ ዘዴ ነው» አላት ምህረትን፣ ኮራ ብሎ። አሁን እንደሷ ያሉ አራት ሴቶች ከጸሎት በኋላ እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። ማልቀስ የፈለገች ታለቅሳለች፣ የምትስቅም አለች።

ያን ዕለት የተናገርኩህን ይቅር በለኝ። ይቅር እንዳልከኝ ከልጅህ አፍ ብሰማም፣ እኔ ራሴ ልጠይቅህ ይገባል።

አንተን ለማግኘት ከእንግዲህ ዕቃ አልጠቀልልም። ቤቲ ትምህርቷን እስክትጨርስ፣ ናቲም እስኪያድግ እዚህ ነኝ፤ እግሬ ቢበላኝም እንኳ። እናትህ «ልጄ እንዴት ነበር?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር፣ እሳቸው ያላዩትን ዘመንህን ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ። በተቀመጥኩበት አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ አስቴር