ባለሦስት ክንፉ የብረት መስቀል

ዛሬ ረቡዕ፣ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ እኔ ብረት ቀጥቃጩ ይህን ቃሌን ስሰጥ የሞተው ቀኝ እጄ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ ይጠይቀኝ፤ ኋላ «ሽማግሌው ዘባርቆ ነበር» እንዳትሉ። ቃሌን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። በአልጋዬ ዙሪያ ሁለቱ ልጆቼ፣ የሟች ባለቤቴ እህትና ወዳጄ አናጺው ተቀምጠዋል።

ቤቱ ለሴት ልጄ ይሁን። እናቷን ስታስታምም ወጣትነቷ አለፈ፤ አሁን ደግሞ እኔን ስታገላብጥ ወገቧ ተቆረጠ። ወንድሟን ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

የሥራ ቤቱን ለወንዱ ልጄ ሰጥቻለሁ። ደንበኞቹ «ቶሎ» ብለው ይጠሩታል፤ በብየዳ ማሽኑ የመስኮት ፍርግርጉን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋላ! ምድጃዬን አፍርሶ ማሽኑን እንደሚተክል አውቃለሁ። ያፍርሰው። ወናፍ የሚነፋ፣ የብረቱን መልክ አይቶ ከእሳት የሚያወጣ ከእኔ በኋላ የለም። ብረት የምቀጠቅጥበትን መስፌንና መዶሻዎቼን አናጺው ይውሰዳቸው፤ እሱ እንኳ አቧራቸውን ይጠርጋል።

ወደ መስቀሉ ልምጣ። ሚስቴ ልትሞት ስትል፣ «በራስጌዬ የምታቆመው መስቀል ከመጀመሪያ ቤታችን በር ብረት ይሁን፤ ያን በር ስትሠራ አይቼህ ነው የወደድኩህ» አለችኝ። በሩን ፈታትቼ ጀመርኩት። አራቱን ክንፎች ለየብቻ ቆርጬ የየክንፉን ጫፍ በትኩሱ ሰንጥቄ ወዲህና ወዲያ ጠመዘዝኩት። ሦስቱ አምረው ወጡ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ዕድሜ ልኬን አልሠራሁም። አራተኛው እሳት ውስጥ ሳለ ይህ በሽታ ጣለኝ። ልጄ ደንግጣ እኔን አነሣች፤ ብረቱን ማን ያስታውስ? ፍንጣሪ እየተፋ ተቃጠለ። የተቃጠለ ብረት መዶሻ ሲነካው ይፈረፈራል እንጂ አይታጠፍም፤ መድኃኒት የለውም። ከዚያ በር የተረፈ ሌላ ብረትም የለም።

ልጄ ሆይ፣ «ምነው ባወጣሁት» እያልሽ ጓዳ ገብተሽ ስታለቅሺ ሰምቻለሁ። ተይ። እኔን ጥለሽ ወደ ጉጠቱ ብትሮጪ ነበር የማዝንብሽ።

ወንዱ ልጄ ቶሎ ደግሞ፣ «አባዬ፣ አራተኛውን ከሌላ ብረት ቆርጬ ልበይደው፤ ቀለም ከተቀባ ማን ያውቃል?» ይለኛል። አሁንም እያጉረመረመ ነው። እናትህ ታውቃለች! ልብስ ሰፊው፣ ይህንንም ጻፍልኝ፤ እሷ ታውቃለች።

ስለዚህ መስቀሉ በሦስት ክንፉ እንዳለ ይቁም፤ ባዶው ጎን በቀኟ በኩል ይሁን። እዚያ እኔ እተኛለሁ ብዬ ነበር። የመቃብር ጠባቂው ግን ቦታው ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ትናንት ለልጄ ነገራት። ደብቃኝ ነበር፤ ፊቷን ሳይ አወቅሁ። እኔ ከአጥሩ ማዶ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መሐል ልቀበር ነው። «በወዲያኛው ዓለም ትገናኛላችሁ» ብሎ አናጺው ያጽናናኛል። እሱ ይመን፤ እኔ አልቻልኩም። ናፍቃኛለች፣ በቃ።

የሚስቴ እህት፣ «ያ የተቃጠለውስ የት ይጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ሲደረግ ይጣላል! ሣጥኔ ውስጥ፣ በቀኝ እጄ ሥር አኑሩት። ሦስቱ ከእሷ ጋር፣ አንዱ ከእኔ ጋር ይሁን።

ቃሌ ይኸው ነው። ተነብቦልኝ በግራ አውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊው (ፊርማ)፣ አናጺው (ፊርማ)፣ የሟች ባለቤቱ እህት (የጣት አሻራ)

ወራሽ ሴት ልጅ፦ ሰምቻለሁ። (ፊርማ)

ወራሽ ወንድ ልጅ፦ ሰምቻለሁ። አልበይደውም። (ፊርማ)