ከአያ እንድሪስ ጣሪያ ላይ

እማዬ፣ ባለሽበት ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። መቃብርሽ ሰው አገር ስለሆነ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ማውራት አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ካቻቢቴሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አንቺ የሠለጠንሽበት ማኅበር ገብቼ ተማርኩ፤ ዛሬ ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ ሶላር የምገጥመው እኔ ነኝ። እህቴንም የማስተምራት በዚሁ ነው። ወንዶቹ ገጣሚዎች ከተማ ገብተው ስለቀሩ ሰው ሳይወድ በግዱ ይጠራኛል።

አንቺ ተምረሽ የመጣሽ ጊዜ ግን ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው መሰላሉ ሥር ቆሙ፤ ሴት ከአናቴ በላይ አትቆምም ብለው። እሳቸውን አይቶ መንደሩ ሁሉ ጣሪያውን ከለከለሽ። ሥራ አጥተሽ ዐረብ አገር ስትሄጂ ዱዓ ያደረጉልሽም እሳቸው ናቸው። እዚያ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለሽ የሰው መስኮት ስትወለውዪ ከስንት ወንድ አናት በላይ እንደነበርሽ ማንም አልጠየቀ። ከዚያው ወድቀሽ ሞትሽ።

አሁን ሰው መላ አግኝቷል። እኔ ጣሪያ ላይ ስወጣ የቤቱ ወንዶች ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ እስክወርድ አይገቡም። ዝናብ ሲያካፋ ብሎን የማጠብቀው ቀስ ብዬ ነው። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽሽም።

ባለፈው ሳምንት የአያ እንድሪስ ሶላር ተበላሽቶ አስጠሩኝ። እሳቸው ታመው ከአልጋ አይነሡም። ቢሆንም እኔ በላያቸው እንዳልቆም ልጆቻቸው ከነአልጋቸው ተሸክመው ደጅ አወጧቸው። ሥራው አልቆ አንዲት ሽቦ ስትቀረኝ ጣሪያው ላይ ቁጭ አልኩና፣ እናቴን አላህ ይማራት ካላሉ አልወርድም አልኳቸው። ይበርድ ነበር። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እናትሽ ማን ነበረች አሉኝ።

የማስመሰል አልነበረም፣ እማዬ። ረስተውሻል። ቢሰድቡሽ ይሻለኝ ነበር።

ሽቦዋን ሳላስር ወረድኩ። ለልጆቻቸው፣ እናቴ ዘሀራ ትባላለች፣ ስሟን ጠዋት ማታ አስጠኗቸው፣ ሲይዙት ጥሩኝ አልኳቸው። እስካሁን የጠራኝ የለም፤ ቤታቸውም እንደጨለመ ነው። እኔ እስክሞት አልረሳሽም። እሳቸውም ስምሽን ሳይጠሩ መብራት አያዩም።