መዳቡ ላይ የተቀመጠችው ወፍ

እታለሜ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ ፊቴ በፀሐይ ከመጥቆሩ በቀር ደህና ነኝ። ይህ ጥብቅ ደን ምን ማዕድን እንዳለው እያጠናን ነው። ዛሬ ገደል ሥር መዳብ ያለበት አረንጓዴ ድንጋይ አገኘሁ። ናሙና ልፈልጥ መዶሻ ሳነሳ፣ ከስንጥቁ ውስጥ አንዲት ወፍ እንቁላሏን ታቅፋ አፈጠጠችብኝ። ወይ ፍንክች! አንቺን መሰለችኝ፤ ኩፍኝ ይዞኝ ከአልጋዬ ጫፍ አልነሳም ያልሽ ጊዜ። መዶሻዬን መልሼ ከተትኩ።

"ታዲያ ምን ልትጽፍ ነው?" አለኝ አብሮኝ የነበረው የደኑ ጠባቂ።

መዋሸት አላስተማርሽኝምና መዳቡን ካርታው ላይ አሰፈርኩ። አለቃዬ የፈለገውን ያህል ይሳቅ፣ ከጎኑ "እዚህ እናት አለች" ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። "መስኮቴን በየጊዜው በምታመጣልኝ ድንጋይ ሞላኸው" ትይኝ አልነበር? ደስ ይበልሽ፣ ዘንድሮ ባዶ እጄን እመጣለሁ።

ታናሽሽ