ሰው ያልሞተበት ለቅሶና የእድራችን የመልካም በዓል ካርድ

ለክቡር ኦቦ ሆርዶፋ ቀንዓ
የመረዳጃ እድራችን ሊቀመንበር
አምቦ
መጋቢት 2000 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ከብቶችዎስ እንዴት ናቸው? እኛ በዚህ ቤት ያለነው፣ ማለትም እኔ፣ ባለቤቴ አቶ ወንድወሰን፣ ልጃችን ፍቅርአዲስና አማቴ እማማ አረጋሽ፣ አራታችንም በሕይወት አለን። ይህን የምጽፈው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዘንድሮ በሰፈራችን ነገሩ ደጋግሞ ስላጠራጠረ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ማመስገን ይገባኛል። እድር ማለት ስንሞት የሚቀብረን ነው ብለን ስንኖር፣ እርስዎ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው፣ እድራችን ከእንግዲህ በቁማችንም እንዲያስታውሰንና ለየአባወራው በየዓመት በዓሉ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ እንዲያድል አስወሰኑ። እጇን አውጥታ መጀመሪያ የደገፈችው እኔ ነኝ፤ ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

የካርዱን ሰዓት የወሰኑትም እርስዎ ነዎት። ከበዓሉ በፊት ቢላክ ገና ላልደረሰ ሰው ደረስክ ማለትና በእግዜር ሥራ መግባት ነው አሉ፤ ከበዓሉ በኋላ ቢላክ ደግሞ ንቀት ነው አሉ፤ ስለዚህ በበዓሉ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከየደጃፉ ይሰጥ ብለው አዘዙ። አቤት ጥንቃቄ! የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ የሚያውቅ ማን አለን ሲባል ደግሞ ጥሩምባ ነፊያችን ተሬፋ ተመረጠ። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው፣ ያው ተሬፋ ማለቴ ነው። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ነገሩ ለአንዳችንም አልታየንም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልጭንም፤ አብዛኛውን ብቻ ነው።

አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት። ሚልኬሳ የሚባል፣ ሸነን ከተማ የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ፍቅርአዲስን ወዶ፣ አባቱ ኦቦ ጂራ ሽማግሌ ይዘው ልጃችንን ሊጠይቁ የቀጠሩት ለዚያ ጠዋት ነበር። እንግዶቹ ከዋዜማው አምቦ ገብተው ዘመድ ቤት አድረዋል፤ እኔም ሽር ጉድ ስል ነው ያነጋሁት። ቤታችን የመንገዱ መጀመሪያ ነውና ተሬፋ በእኛ ጀመረ፤ መልእክት ሲያደርስ ጥሩምባ ከመንፋት በቀር ሌላ አላስተማርነውምና ደጃችን ላይ ቆሞ ነፋው። ሰፈርተኛው በቃ እማማ አረጋሽ አረፉ ብሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ገባ። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው እማማ አረጋሽ ጓዳ ተኝተው የሚባልላቸውን ሰሙ፤ ደግነታቸው ተነገረ፣ የጠጅ አጣጣላቸው ተነገረ፤ እሳቸውም አልቃሾቹን ላለማቋረጥ ሲሉ እስኪጨርሱ አልወጡም። ያን ቀን አሳምራ ያለቀሰችላቸውን ሴት እስከ ዛሬ ይመርቋታል፤ ዝም ያሉትንም ለይተው ያውቋቸዋል። ኦቦ ጂራ ግን ከነሽማግሌዎቻቸው ሲደርሱ ያዩት ለቅሶ ነበርና ከበር ተመለሱ። የሞተ የለም ብለን ብንደውልላቸው፣ ሙሾ በወረደበት ደጅ በዚያው ሰሞን ልጅ አይጠየቅም፣ ለገና ይሁን አሉን።

ሁለተኛ፣ ካርዱ ራሱ። የእድሩ ጸሐፊ አዲስ ጽሑፍ ከማርቀቅ ብሎ የሐዘን መግለጫችንን አንሥቶ፣ ሐዘን የሚለውን በደስታ ለውጦ የቀረውን እንዳለ ተወው። ስለዚህ ከአደይ አበባው ሥዕል ሥር፣ በአዲሱ ዓመት መግባት የተሰማንን ጥልቅ ደስታ እየገለጽን ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን ይላል። ማኅተሙ ግን አምሮበታል።

ሦስተኛ፣ ገና። አቤት ብዬ እርስዎ ዘንድ ብመጣ፣ በትዕግሥት አዳምጠው ጥፋቱ የጥሩምባው ነው ብለው ፈረዱ፤ ተሬፋም ለገና ያለ ጥሩምባ መጣ። ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በር የሚያንኳኳ የእድር ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የዚህ አገር ሰው ይጠፋዋል? መርዶ ነዋ! ካቺሲ ያለው የባለቤቴ ወንድም ታሞ ሰንብቶ ነበርና፣ ተሬፋ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ ባለቤቴ ወንድሜን ብሎ ተዘረጋ፤ እኔም ጮህኩ፤ እማማ አረጋሽ የልጃቸው ነገር ነውና ደረታቸውን ደቁ። ተሬፋም ሰው ነውና እኛን ሲያይ አብሮን አለቀሰ፤ ካርዱን የሰጠን ሁላችንም ከወጣልን በኋላ ነው። እንግዶቻችን የደረሱት እንግዲህ በዚህ መካከል ነው።

በአንድ ዓመት ሁለት በዓል ያለ ሬሳ የሚያለቅስ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው፣ ዛር ይኖርባቸው ይሆን እንዴ እያሉ ዳግመኛ ከበር መመለሳቸውን ሰማሁ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ቀልዱን ትተን እንነጋገርና፣ ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድላትም ነበር፤ የሚልኬሳም ስልክ እየሳሳ መጣ። አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ፤ ያውም የወደደችውን ያገኘች። በካርድ የተነሣ ቆማ ልትቀር ነው ብዬ አንጀቴ አረረ፤ ይህንን የምነግርዎ እንዲያውቁት ያህል ነው።

ነገሩ ከእርስዎ ይልቅ የከነከነው ተሬፋን ሆነ። ለማንም ሳይናገር፣ ባለፈው ሳምንት ሸነን ሄዶ፣ ሁሉን ላስረዳ ብሎ ከኦቦ ጂራ ደጅ ቆመ። ደግ አሰበ፤ ነገር ግን ኦቦ ጂራ በእኛ ደጅ ያዩትን ሰው በራሳቸው ደጅ ሲያዩት፣ ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ የአሁኑስ የእውነት ነው ብለው አፉን ሳያስከፍቱት ቤቱን በጩኸት አናወጡት። ጥቁር ለበሱ፣ አይሱዙ ተከራዩ፣ ተሬፋን መካከላቸው አስቀምጠው ለቅሶ ሊደርሱን ገሰገሱ። እሱ በመንገድ ሁሉ ማንም አልሞተም ቢላቸው፣ ሐዘን የሚያናግረው መስሏቸው አይዞህ ሲሉት መጡ።

እኔ በርበሬ አሰጣለሁ፤ እማማ አረጋሽ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው እየጮኸ ግቢያችን ገባ። ከፊት የሚመሩት ኦቦ ጂራ እማማ አረጋሽን ሲያዩ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። እማማ ደግሞ ማን ሞቶብን ነው ብለው ነጠላቸውን ያዘቀዝቁ ጀመር። ይህኔ ኦቦ ጂራ ሳቃቸው አምልጧቸው፣ በሳቅ ብዛት መቆም አቅቷቸው ከበርበሬው አጠገብ ተቀመጡ፤ እኛም ሳቅን፤ ፍቅርአዲስ ግን ታለቅስ ነበር። መቼም መጥተዋል፤ የዐቢይ ጾም ረቡዕ ነውና ሽሮአችንን በልተው፣ ሽማግሌዎቹ ጥቁር እንደለበሱ ተነሥተው ልጃችንን ጠየቁን። ሰጠናቸው። ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

ስለዚህ የምማጸንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የፋሲካ ካርዳችንን እባክዎ እዚያው እድሩ ቤት ያስቀምጡልን፤ እኔ ራሴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ካስፈለገም እዚያው ቆሜ አነብና እጽናናለሁ።

በቁሜ ስላሰቡኝ የማመሰግን፣ በቁሜ ቢረሱኝ ደግሞ አብልጬ የማመሰግን፣ ከወር መዋጮዬ ዝንፍ ብዬ የማላውቅ፣ ገና ያልተቀበርኩ ታዛዥ አባልዎ፣

ወይዘሮ እንግዳወርቅ ደግፌ

ማሳሰቢያ፦ የሠርጉ ጥሪ ካርድ ታትሟል። ወጉን ከእርስዎ ተምረናልና ለእርስዎ የሚደርሰው ጎህ ሲቀድ፣ በተሬፋ እጅ ነው፤ ጥሩምባውንም እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ። የትኛው ጠዋት እንደሆነ ግን አልነግርዎትም።