አባባ የጨመሩልኝ አንድ ዓመት

ጥቅምት 5፣ ከሥራ በኋላ

ዛሬም ትንቢተ ዳንኤልን አነበብኩላቸው። ከአንበሶቹ ጉድጓድ ደርሰናል። አባባ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ቢገልጡትም አያዩም። አንዲት ቃል ስስት ግን ከአልጋ ሆነው ያርሙኛል። ዕድሜ ልካቸውን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት በጣታቸው ላይ ነው።

ታውቂያለሽ ማስታወሻዬ፣ ሃያ አንድ ዓመት ያንን ደጅ አልረገጥኩም ነበር። ሃይማኖቴን ለውጬ ባሃኢ ሆኛለሁ ያልኩ ዕለት አስወጡኝ። አሁን የጠራኝ ወንድሜ ደረጀ ነው። ያነቡላቸው የነበሩት ጎረቤት የሠራተኛ ሰፈር ቤታቸው ሲፈርስ ከተማ ዳር ገቡ። ደረጀ ሱቅ ይውላል። ሌላ ሰው ጠፋ። ስለ ሃይማኖትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ አለኝ። እሺ አልኩ።

ከምሠራበት ወርቅ ቤት በእግር ዐሥር ደቂቃ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉም ዐሥር ደቂቃ ነበር።

ጥቅምት 7

ዳን. 8። ከጠዋት ጀምሮ ፈርቼው ነበር። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ማታና ጠዋት የሚለው ጋ ስደርስ ዘልዬ ወደታች ሮጥኩ።

«ቁጥሩን ዋጥሽው» አሉኝ።

«አልዋጥኩም አባባ።»

«በእሱ ቁጥር አይደል ከቤቴ የወጣሽው?»

ምዕራፉን ጨረስኩ። ውኃ ሰጠኋቸው። እጃቸው ብርጭቆውን ሲፈልግ እጄን አገኘው፤ ትንሽ ቆየ። አምስት ኪሎ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጥቅምት 8

ማመን አቃተኝ። ገና ከመግባቴ፣ መጽሐፉን ተዪውና ቁጠሪልኝ አሉኝ። ለደረጀ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ። ግን እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ።

ቆጠርኩ። በትንቢት አንድ ቀን እንደ አንድ ዓመት ነው። መነሻው ኢየሩሳሌም እንድትታደስ የወጣው ትእዛዝ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከክርስቶስ በፊት 457። ከ2300 ላይ 457 ሲነሣ 1843። እኛ ግን 1844 እንላለን፤ የእምነታችን አብሳሪ ባብ በፋርስ አገር፣ በሺራዝ ተልእኮውን የገለጠበት ዓመት። በዚያች በአንዲት ዓመት ስንት ሰው አፋጥጦኛል። እኔም የተባልኩትን እደግማለሁ እንጂ ለምን እንደሆነ ከልቤ ገብቶኝ አያውቅም።

አባባ ሳቁ። በሃያ አንድ ዓመት የመጀመሪያው። «ሞኝ! ከአንድ ቅድመ ክርስቶስ ወደ አንድ ድኅረ ክርስቶስ ነው የሚሻገረው። መሐል ላይ ባዶ ዓመት የለም። አንድ ጨምሪ።»

ከዚያ ብርድ ልብሱ ላይ በጣታቸው እየቆጠሩ ቀጠሉ። በእኛ 1836። በዓመተ ዓለም 7336። ለአራት ሲካፈል አይተርፍም፤ ዘመነ ዮሐንስ። መስከረም አንድ ሰኞ ዋለ። የዮሐንስ ራእይንም አርባ ሁለት ወር ነገርኳቸው፤ 1260 ቀን፣ በእስላም አቆጣጠር 1260 ዓመት፤ እዚያው ያርፋል። እሱንም በጣታቸው ቆጠሩት።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መጣ የምትዪውን ግን አልቀበልም። መቅደሱ ይነጻል ነው የሚለው። ነጽቶ ከሆነ ዓለም ለምን እንዲህ ሆነ?»

ለዚህ ቁጥር የለኝም። ነገ እመልስልዎታለሁ አልኳቸው። ሁልጊዜ ሰው ለመርታት ነበር የምቆጥረው። ዛሬ ከአባቴ ጋር ቆጠርኩ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ራሱ ያስለቅሳል።

ጥቅምት 9

አልገባሁም። ደረጀ በር ላይ ጠበቀኝ። አባባ ማታውን በሙሉ ስለ 1836 ሲያወሩለት አምሽተዋል። ሊሞት የደረሰ ሰው ሃይማኖት ልታስለውጪ ነው የመጣሽው? ብሎ ጮኸ። እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ አልኩ። አልሰማኝም። ሁለተኛ እንዳትመጪ። አባባ ከውስጥ ማነው አሉ። «ማንም አይደለም» አላቸው።

መጮህ ነበረብኝ። እኔ ነኝ አባባ ማለት። አላልኩም።

ጥቅምት 17

ደወልኩ፤ አያነሣም። መልሱን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ደግሞ ጻፍኩ። ደንበኛ ቀለበት ሲለካ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ነገ በግድ እገባለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው የምለው።

ጥቅምት 22

አባባ ዐረፉ። ትናንት ከሰዓት። የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ጥቅምት 23

ቀብር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። የኔን ጸሎት በልቤ አደረስኩ። አንዷ አክስቴ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። ሌሎቹ ዞር አሉ።

ጥቅምት 25፣ ሠልስት

ደረጀ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኝ። ፊቱ አብጧል። አባባ በየቀኑ፣ ልክ በምመጣበት ሰዓት፣ ልጅቷ አልመጣችም? ይሉት ነበር። አሟታል እያለ ዐሥራ ሦስት ቀን ዋሻቸው። በመጨረሻው ቀን፣ «እንግዲያው አንተ ሂድና ጠይቃት፤ ብቻዋን ናት» አሉት። አልሄደም። ይቅር በዪኝ አለ፤ ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ ሲል አነሣሁት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ከአፌ አልወጣም።

ጥቅምት 28

ሥራ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ዋልኩ። ከሰዓት ሲሆን እግሬ ብቻውን ወደ ሠራተኛ ሰፈር ይነሣል።

ደረጀ መልእክት ላከ። እሁድ የአባባን ክፍል ሊያጸዳ ነው፤ ብቻዬን አልችልም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልማርኩትም፣ ማስታወሻዬ፤ ላንቺ አልዋሽም። ሃያ አንድ ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ ግን አውቃለሁ።

እሁድ እሄዳለሁ።